ስለሚመላለስ ሕመም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው አንድ ጊዜ መጥቶ ስለሚገድል ደዌ አይደለም፤ ሄዶ ስለሚመለስ ሕመም ነው። ሰውን ሦስት ቀን ያስተኛል፥ ይተወዋልም፤ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሲወጣ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ ይመጣበታል። እንዲህ ያለው ሕመም ካህን አያስጠራም፥ ጎረቤትም አያስደነግጥም። ዳሩ ግን መጀመሪያ የቤቱን ገንዘብ፥ ቀጥሎ የሰውየውን ጕልበት፥ በመጨረሻም ተስፋውን ጥቂት በጥቂት ይበላል። በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ ስናገለግል የንስሐ ልጆቻችን አዘውትረው ከሚያቀርቡልን ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፤ «አባቴ፥ ሕመም የሚመላለስብኝ ስለ ምንድር ነው?»

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙር ጢሞቴዎስ ሆዱን ያመው፥ ሕመሙም ይደጋገምበት ነበር። ጢሞቴዎስ ማን ነው ቢሉ፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን የተማረ፥ በሐዋርያው እጅ የተሾመ፥ የኤፌሶንን ቤተ ክርስቲያን የጠበቀ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲታመም ሐዋርያው ምን አደረገ? ኀጢአቱን አልቈጠረበትም። የማን ዓይን እንደ ወጋው፥ ማን እንዳስደገመበት አልጠየቀውም። በመጀመሪያይቱ መልእክት በምዕራፍ 5 በቍጥር 23 እንደምናገኘው፥ ውኃ ብቻ መጠጣቱን እንዲተውና ስለ ሆዱ ጥቂት ወይን እንዲጨምርበት መከረው። (ይህን ምክር ለመጠጥ ቤት ማስረጃ የሚያደርጉት አሉ፤ «ጥቂት» ከምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ዓይናቸው ይዘልላታል።) ጳውሎስ ሰውነቱን የነካ ጨርቅ ወደ ድውያን ሲወሰድ ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ ነው፤ ይህም በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 19 ተጽፏል። ለሚወደው ልጁ ግን ጨርቁን አልላከለትም፤ ስለሚጠጣው ነገር ጻፈለት እንጂ። ኑሮውን ተመለከተለት ማለት ነው።

ሕመም ሁሉ ከኀጢአት ጋር አይገናኝም አንልም። ጌታችን ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን መጻጕዕ ካዳነው በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል። ነገር ግን ይኸው ጌታ፥ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነገራቸው። ልብን የሚመረምር እርሱ ነውና ማን እንደ መጻጕዕ፥ ማን እንደ ዕውሩ እንደ ሆነ ለይቶ መናገርም የእርሱ ነው። እኛ ካህናት ግን ብዙ ጊዜ ሁሉን በመጻጕዕ እንለካለን። ይህን የምንለው ሌሎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛው ራሳችን አድርገነዋልና ያደረግነውን እንነግራችኋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የንስሐ ልጃችን ሳል እየተመላለሰባት ወደ እኛ መጣች። ባልዋ የሞተባት፥ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። «ሌሊት ያልበኛል፥ ሰውነቴም ከሳ፤ አባቴ፥ ምን በድዬ ይሆን?» አለችን። እኛም ስግደት ሰጠናት፥ ሰባት ቀን ጸበል እንድትጠመቅ አዘዝናት፥ እንድትታገሥም መከርናት። ስግደቱም ጸበሉም መልካም ነው፤ በዚህ አንጸጸትም። የምንጸጸተው ስላልጠየቅናት ነገር ነው። የት እንደምትሠራ አልጠየቅናትም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትበላ፥ ከማን ጋር በምን ዓይነት ቤት እንደምትተኛ፥ ሳሉ ከጀመራት ስንት ሳምንት እንደ ሆነ አልጠየቅናትም። እርስዋም ካህን የሚጠይቀው ስለ ነፍስ ብቻ መስሏት አልነገረችንም።

ሴቲቱ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ቤት ቡና ለቃሚ ነበረች። በሐምሌ ወር ከሥራው ላይ ወደቀችና ጎረቤቶችዋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱአት፤ አክታዋ ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። አብሯት ይተኛ የነበረው ትንሹ ልጅዋም ተይዞ ነበር። ወደ እኛ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እስከዚያ ድረስ አራት ወር አልፏል። በእነዚያ አራት ወሮች ሕፃኑ በየሌሊቱ ከእናቱ ትንፋሽ አጠገብ ተኝቷል። ይህን መናገር ይከብደናል፤ ነገር ግን ሌላው ካህን ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ እንናገረዋለን።

የሳንባ ነቀርሳ ከአቧራ የሚመጣ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በዓይን በማትታይ ተሐዋሲ የሚመጣ፥ ከታመመው ወደ ጤነኛው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው። ታዲያ ሥራዋ ምን አደረጋት ቢሉ፥ ሳሉን አስናቃት። ቡና የሚበጠርበትን ቤት የገባበት ያውቀዋል። ጀንፈሉ ሲፈለፈል፥ ገለባው ሲለይ፥ ጆንያው ሲራገፍ፥ ደቃቅ አቧራ ቤቱን ይሞላዋል፤ በቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ጮራ እንደ ጢስ ዓምድ ሆኖ ይታያል። ሴቶቹ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተበሳውን ፍሬ ከደኅናው ይለያሉ፤ አፋቸውን የሚሸፍኑት በነጠላቸው ጫፍ ነው። በአገራችን የቡና ፋብሪካዎች የተደረጉት ጥናቶች በአቧራ ውስጥ የሚውሉት ሠራተኞች ሳልና የትንፋሽ ማጠር እንደሚበዛባቸው አሳይተዋል። እንግዲህ ሁሉም በሚያስልበት ቤት የአንዲቱን ሳል ማን ይለየዋል? «የቡና ሳል ነው፥ ይለቃል» ይባባላሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፥ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት ሰው ግን አቧራው ነው ብሎ መቀመጥ አይገባውም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ይህ ከሆነ በኋላ አንድ የሕክምና መምህር ያጫወቱን ታሪክ ከልባችን አልጠፋም። በኢጣልያ አገር በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ሐኪም ነበረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ደዌ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከጥንቱ ከሂፖክራጥስ ጀምሮ ሐኪሞች በሽተኛውን ብዙ ነገር ይጠይቁት ነበር፤ ራማዚኒ ግን በዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር አለ፤ ይኸውም የበሽተኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ ነው። እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከአቧራው የተነሣ እንደሚያስላቸውና ትንፋሻቸው እንደሚታፈን በዚያው መጽሐፍ ጽፏል። ሦስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በጅማ ቡና የምታበጥር ሴት ወደ ንስሐ አባትዋ መጣች፤ እኛም ይህችን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅናትም።

ሌላው የሚመላለስ ሕመም ወባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረም፥ በጥቅምትና በኅዳር፥ ውኃው በየጕድጓዱ ተኝቶ ይቀራል፥ ሙቀቱም ይመለሳል፤ የወባ ትንኝ የምትበዛው ያን ጊዜ ነው። በጎማ፥ በሊሙ፥ በማና ቡናው መቅላት የሚጀምረውም በዚሁ ወራት ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሰው ቤቱን ትቶ በዳስ የሚያድርበት ጊዜ ትንኝ ከምትበዛበት ጊዜ ጋር አንድ ሆነ። ከደጋ የመጣው ለቃሚ ወባን ያልለመደ ሰውነት ይዞ ይመጣል፥ አጎበር ቢኖረውም በቤቱ ትቶት ይመጣል። ትንኝዋ ይበልጡን የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና ቀን መጠንቀቁ ብዙ አይጠቅመውም። በታመመ ጊዜም መድኃኒቱን ይጀምርና ትኵሳቱ በበረደለት ቀን ያቆመዋል፤ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ወይም ለወንድሙ ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ሕመሙም ይመለሳል።

ከወባም ዓይነት ቫይቫክስ የሚባለው አለ። ይህ ከደም ቢጠፋም በጉበት ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሰውዬው በትንኝ ሳይነከስ እንኳ ይነሣበታል። በጉበት የተደበቀውን የሚያጠፋ መድኃኒት ለብቻው አለ፤ ሐኪም መርምሮ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው «መተት ነው፥ ቀን ጠብቆ ይነሣብኛል» የሚለው ይህን እንደ ሆነ እናስባለን። በዚህ የተነሣ ለጠንቋይ በግ የሸጠ፥ አልፎም ከጎረቤቱ የተቈራረጠ ሰው እናውቃለን፤ ያን ሁሉ ያደረገው በጉበቱ ውስጥ ስላለ ተሐዋሲ ነው።

ወባ የቈላ ሕመም ብቻ ነው ብሎ መናቅ ምን እንደሚያመጣ በአገራችን ታይቷል። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ወባ ገብቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። ጅማም ከዚህ ከፍታ ውጭ አይደለችም። በአውሮፓውያን 2024 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ወሮች ውስጥ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የወባ ሕመምተኛ መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ስለዚህ ለለቀማ የምትወጡ ሁሉ፥ ከቅርጫቱና ከስንቁ ጋር አጎበሩን ያዙ።

ስለ ውኃም ጥቂት እንበል። የአወቱ ወንዝ በከተማው መካከል ሲያልፍ የከተማውን ቍሻሻ ይቀበላል፤ ዝቅ ብሎ በዚያው ውኃ ልብስና ጎመን የሚያጥብ አለ፥ ሕፃናትም ይዋኙበታል። በየወረዳው ደግሞ እሸት ቡና የሚያጥቡት ጣቢያዎች የቡናውን ገፈፎና እጣቢ ወደ ወንዝ የሚለቁበት ጊዜ አለ። በጅማ ዞን በእንዲህ ያለ ጣቢያ አጠገብ በተደረገ ጥናት፥ ውኃውን የሚጠቀሙት ሰዎች ራስ እንደሚያዞራቸው፥ ቆዳቸውን እንደሚያሳክካቸው፥ ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ተናግረዋል። የልጅ ተቅማጥ በየሁለት ሳምንቱ የሚመላለስበት ቤት ካለ፥ ቡዳ ከመፈለግ አስቀድሞ እንስራውን መመልከት፥ ውኃውን አፍልቶ ማጠጣት ይገባል።

ስለ ዕረፍት ግን በብዙ ልንናገር እንወዳለን። በለቀማ ወራት ሰው ጕልበቱን እንደማያልቅ ነገር ይቈጥረዋል። ቀን ይለቅማል፥ ሌሊት ጆንያ ይሸከማል፥ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል፤ ጫቱ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል፥ በማግሥቱም ሳይበላ ወደ ሥራው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው የጫት ሱሰኛ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ስለ ምን ሁለት ሥራ እንደ ሠራ ብንጠይቀው፥ የአንዱ ቀን ደመወዝ የልጆቹን እንጀራ እንደማይሸፍን ይነግረን ይሆናል። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መልአኩን ላከለት። መልአኩም አስቀድሞ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፥ በልቶም ተመልሶ ተኛ፥ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። የእግዚአብሔርን ድምፅ በኮሬብ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ሰማያዊው መልአክ ለደከመ ሰው መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ካወቀ፥ እኛ ባዶ ሆዱን ለመጣ ወዛደር ረጅም ተግሣጽ መስጠታችን ምንድር ነው?

ከዚህ ቀጥሎ ቃላችን ለአሠሪዎች ነው። የቡና ነጋዴዎችና የማበጠሪያ ባለቤቶች፥ ከእናንተ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ናችሁ፤ ጧፍና ዕጣን ታመጣላችሁ፥ ለሕንፃ ሥራም ትሰጣላችሁ፥ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ላይ ይሆናልና። ሕጉ የወደቀው ሰው ለምን አልተጠነቀቀም አላለም፤ ባለቤቱን ለምን መከታ አልሠራህም አለው። በዛሬው ዘመን መስኮት መክፈት፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስጠት፥ ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ ማቅረብ፥ ለለቃሚ አጎበር መስቀል፥ ይህ ሁሉ መከታ ነው። የአገሩም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፥ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ፥ ከዚያም በኋላ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ሥራው እንዲጠበቅለት ያደርጋል። የቀን ሙያተኛው ግን ይህን አዋጅ ሰምቶት አያውቅም፤ ያንዱ ቀን ሕመም ያንዱን ቀን እንጀራ ያስቀርበታል። ስለዚህ እያሳለ ይመጣል፥ እያሳለም ከሌሎቹ መካከል ይቀመጣል።

ወደ ንስሐ ልጃችን ታሪክ እንመለስ፤ ያልጨረስነው ነገር አለ። መድኃኒቱን በጀመረች በጥቂት ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። የነቀርሳ መድኃኒት በየቀኑ፥ ሳያቋርጡ ስድስት ወር የሚወሰድ ነው፤ ቢያቋርጡት ተሐዋሲው መድኃኒቱን ይለማመደዋልና ሁለተኛው ሕክምና ከፊተኛው ይከብዳል። እርስዋ ግን ክኒኑን መዋጥ ጾም መሻር መስሏት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ተወችው። ይህን የነገረችን ታላቂቱ ልጅዋ ናት፤ «መምሬ፥ እናቴን ይምከሩልኝ» ብላ ከቅዳሴ በኋላ ቆማ ጠበቀችን። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤትዋ ሄድን። መድኃኒት ምግብ አይደለም፥ ጾምንም አይሽርም አልናት። ጾም ለጤነኛ የታዘዘ ሲሆን በሕመም ለደከመው ግን ሸክሙ እንዲቀልለት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ፈቅዷል፤ ይህን በፍትሐ ነገሥት እናገኘዋለን። ሥጋ ወደሙ ስለሚቀበልበት ቀን ደግሞ በሽተኛው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከራል፥ የንስሐ አባቱም ሐኪሙ ያለውን ይጠይቃል። ሴቲቱ ሰምታን አለቀሰች። «እንዲህ ከሆነ አስቀድሞ ለምን አልተነገረኝም?» አለች፤ መልስ አልነበረንም።

ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙን አክብር፥ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው እያለ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ የተያዙ ምእመናን ጸበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ አሳስበዋል። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ አጠገብ ለሕሙማንና ለድኆች ማረፊያ ቤት ሠርቶ ሐኪሞችን አኑሮበታል። ባስልዮስ ራሱ ሕመም የሚመላለስበት ሰው ነበረ፤ በደብዳቤዎቹ ስለ ሰውነቱ ድካም ደጋግሞ ጽፏል፥ ሃምሳ ዓመትም ሳይሞላው ዐረፈ። የታመመ ሰው ለታመሙት ቤት ሠራ።

ሴቲቱ መድኃኒቷን ጨርሳ ድናለች፥ ሕፃኑም ድኗል። ዛሬ ወደዚያው ማበጠሪያ ቤት ተመልሳ ትሠራለች፤ ሌላ ሥራ አላገኘችምና። እኛም ከዚያ ወዲህ ለንስሐ የሚመጣውን ሰው ስለ ነፍሱ ከመጠየቃችን ጋር ሥራው ምን እንደ ሆነ፥ የት እንደሚያድር፥ ምን እንደሚበላ እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት ከማበጠሪያው ባለቤት ጋር ተነጋግረናል። በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ሁለት መስኮት ሊያስከፍትበት፥ ለለቃሚዎቹም የአፍ መሸፈኛ ሊገዛ ቃል ሰጥቶናል። ቡናው ከመድረሱ አስቀድሞ ሄደን እናየዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።